ግድቡ ሞላ፣ ቬንትሌተራችን ግን አልዞር አለ!

አንባቢ ሆይ! አዲስ አበባ ላይ ሰኔ ሲገባ ሹራብና ጃንጥላ ከቁም ሣጥን ይወጣል። ድሬዳዋ ላይ ሰኔ ሲገባ የሚወጣው ፍራሽ ነው፤ ከቤት ወደ ግቢ። ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ የእኛ የእሳት ወራት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲጠበስ የዋለ ቆርቆሮ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ሲተፋው፣ ግድግዳው በመዳፍ ሲነካ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ሲፋጅ፣ ሰው ቤት ውስጥ የሚተኛው አንድ ነገር ተማምኖ ነው፤ ቬንትሌተር። ቬንትሌተሩ የሚተማመነው መብራትን ነው። መብራቱስ ማንን ይተማመናል?

መብራት ጠፋ ብዬ ልጮህ አይደለም። መጥፋቱንማ ለምደነዋል፤ ሲጠፋ ‹‹ጠፋ!›› ይባላል፣ ሻማ ይለኮሳል፣ አለቀ። የኔ ነገር ከዚያ የባሰ ነው። መብራቱ አለ፤ ግን የለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አምፖሉ እንደ ታማሚ ዓይን ይርገበገባል፣ ፍሪጁ ‹‹እምምም...›› ብሎ ያቃስትና ‹‹ቀጭ!›› ብሎ ይተወዋል፣ ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ቬንትሌተር ደግሞ ክንፎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለህ እስክትቆጥራቸው ድረስ ያዘግማል። ዝንብ ተቀምጣበት አብራው ስትዞር በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ ቴስተር ገዝቼ ሶኬቱን ለካሁት። 220 ማለት የነበረበት 148 አለኝ።

ስልክ ደወልኩ። የት እንደደወልኩ ይቅር።

‹‹ጤና ይስጥልኝ። መብራት የለም ነው የሚሉት?››

‹‹አለ እህቴ፣ ግን...››

‹‹ካለ ታዲያ ምን ቸገረዎት?››

‹‹ደካማ ነው። ቬንትሌተር እንኳ አያዞርም።››

‹‹ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ ጋ የሚመዘገበው ‹ጠፍቷል› ወይም ‹አልጠፋም› ነው። የእርስዎ አልጠፋም።››

ልጅቷን አልወቅስም። የሰጧት መዝገብ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን ጉዱ ያለው እዚያው ላይ ነው! 148 ቮልት በመዝገቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሪፖርቱ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ‹‹የኃይል አቅርቦቱ አልተቋረጠም›› ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለው አለቃ ይፈርምበታል፤ ከእሱ በላይ ያለው ደግሞ በቴሌቪዥን ይናገረዋል። እኛም ያንን ንግግር ለመስማት ቴሌቪዥኑን ስንከፍት ቴሌቪዥኑ ይጠፋል።

እስቲ ወደ ትልቁ ነገር እንሂድ። የታላቁ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት! እኔ በዚህ የማልኮራ ሰው አይደለሁም። እናቴ ከጡረታዋ ቆርጣ ቦንድ ገዝታለች፤ ወረቀቱን ከጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ጋር በአንድ ፌስታል አስራ ነው የምታስቀምጠው። ‹‹የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው›› የሚባለው ተረት አበቃለት ብለን ዘለናል፤ ዘፍነናል፤ እኔም ዘፍኛለሁ። ታዲያ ተረቱ ልብስ ቀይሮ መጣ። የዓባይ ልጅ ዛሬ የጠማው ቮልት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያንገበግበው ሌላ አለ። ከከተማችን ዳርቻ ካለው ማከፋፈያ ጣቢያ ተነስቶ 230 ኪሎ ቮልት ተሸክሞ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መስመር አለ። 283 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከእኛ ጓሮ እየተነሳ የጎረቤት አገር ኤሲ ያዞራል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ የሚገባ አለ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ቢትኮይን የሚባለውን የማይጨበጥ ገንዘብ ለሚፈለፍሉ የውጭ ኩባንያዎች ማሽን ኃይላችን በዶላር ሲሸጥ ሰንብቷል። የእነሱ ማሽን ሲሞቀው ቬንትሌተር አለው፤ የሚዞር ቬንትሌተር!

‹‹ታዲያ ለጅቡቲ መሸጥ ይቁም ልትል ነው?›› የሚለኝ ካድሬ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም ወንድሜ! ጅቡቲዎቹ ወገኖቻችን ናቸው፤ ሙቀታቸውም ከእኛ ይብሳል፤ አይቅርባቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ያ መስመር ዛሬ ማታ ቢቋረጥ የኔ ቬንትሌተር አንዲት ዙር አትጨምርም። ሹማምንቱ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሕዝቡ ግን እንዲያውቀው አይፈልጉም። ለምን ቢባል፣ ሕዝቡ ይህን ካወቀ ‹‹ኃይል የለም›› የሚለው የድሮ ምክንያት እንደሞተ፣ ተስካሩም እንደወጣ ይገባዋል። ኃይሉ አለ። እስከ ከተማችን ጫፍ ድረስም መጥቷል። የሚታነቀው ከዚያ ወዲህ፣ በእኛ ሠፈር ፖል ላይ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሠፈራችንን ትራንስፎርመር ሄጄ አየሁት። ሆዱ ላይ በተለጠፈው ቆርቆሮ 200 ኬቪኤ ይላል። ዘይት አልቦታል፤ እግሩ ሥር አሸዋው ጠቁሯል። ከዚያ ገመዱን ተከትዬ በር በር እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ 130 ላይ ስደርስ ሙቀቱ አሸንፎኝ ተመለስኩ፤ መስመሩ ግን አላለቀም ነበር። አሁን ወረቀትና ስክርቢቶ ያዙ። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይጎትታል። 200ን ለ3.5 ብታካፍሉት 57 ገደማ ይመጣል። 57 እናቶች በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥዱ ትራንስፎርመሩ አበቃ፤ ፍሪጁ፣ አምፖሉ፣ ቬንትሌተሩ፣ ከጀርባችን የተሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ግድግዳ ላይ እንደ ርግብ ጎጆ የተደረደረው ኤሲ ገና አልተቆጠረም። ይህ ዕቃ ሲተከል ኤሲ የነበረው ሆቴልና ባንክ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ትራንስፎርመር እንደኛው ፍጡር ነው፤ ይሞቀዋል። የሚቀዘቅዘው ውስጡ ያለው ዘይት ሙቀቱን ለውጭው አየር እየሰጠ ነው፤ የውጭው አየር ራሱ ሲነድ ለማን ይስጥ? ብዙ መሸከም በሚገባው ወር ትንሽ ይሸከማል ማለት ነው።

የምጣዱ ነገር ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ቮልቴጅ ወደ 148 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት የሚወርደው በሲሶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከግማሽ በታች ነው የሚወርደው። 3.5 ኪሎ ዋቱ 1.6 ይሆናል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይደርቃል፣ ይላላጣል። እናት በሁለት ሰዓት የምትጨርሰውን ሊጥ እስከ እኩለ ሌሊት ስትገፋ ታመሻለች። ሁሉም ቤት እንዲሁ ሲያመሽ ምጣዶቹ ተራ መጠባበቃቸው ይቀርና ሁሉም በአንድ ላይ ተጥደው ያመሻሉ። ጭነቱ ቮልቱን ይጥላል፤ የወደቀው ቮልት ጭነቱን ያስረዝማል። እባብ ጭራውን ነክሶ የመተኛቱ ነገር ይሄው ነው።

አሁን ስለ ፍሪጁ ልናገር። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ይህን የማያውቅ ነርስ የለም። በአንድ የሰኔ ሳምንት ፍሪጃችን ሌት ተቀን ‹‹እምምም... ቀጭ!›› ሲል ከረመና ኮምፕሬሰሩ ነደደ። ሦስት ጠርሙስ ነበር ውስጡ። አንዱን እንኳ ለመግዛት ስንት ፋርማሲ እንደሚዞር የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ያውቀዋል። ጠጋኙ መጣ፤ ጀርባውን ፈታና አሽትቶ ሳቀ።

‹‹አቦ ምን ልንገርህ፣ ሞተር ቮልት ሲያንሰው አያርፍም፤ ለመነሳት ሲታገል ብዙ ካረንት ይጠጣል። በጠጣው ይቃጠላል። በዚህ ሳምንት ያንተ ሰባተኛ ነው። ለእናንተ ሙቀት ነው፣ ለእኔ መኸር ነው።››

‹‹ካሣ ልጠይቅ?›› አልኩት የዋህ ሆኜ።

ይበልጥ ሳቀ።

ጠይቄያለሁ ግን። የፍሪጁን የግዢ ደረሰኝ አምጣ አሉኝ፤ የተገዛው ከ11 ዓመት በፊት ነው። ከቀበሌ ደብዳቤ አሉኝ፤ አመጣሁ። ‹‹ኮምፕሬሰሩ የተቃጠለው በቮልቴጅ ማነስ ለመሆኑ ማስረጃ›› አሉኝ። ማስረጃውማ እነሱ ጋ መሆን የነበረበት ነው! ቮልቱን ለክቶ መዝግቦ መያዝ የማን ሥራ ነው? የኔ የባለ ቴስተሩ ነው እንዴ? ማመልከቻዬ እስካሁን ‹‹እየታየ›› ነው። ሒሳብ ማስከፈል ላይ ግን መታየት የሚባል ነገር የለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲወጣ ተወሰነ፤ እሱ ሰዓቱን ጠብቆ ከች ይላል። ቮልቱ ሲወርድ ታሪፉ ይወጣል!

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ እንምጣ፤ እኔም ንፁሕ አይደለሁምና። ሰው ዝም ብሎ አይሞትም፤ መላ ይፈልጋል። የመጀመሪያው መላ ስታቢላይዘር ነው። ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዛ፤ እኛም ከፍሪጁ ጥገና ጋር በብድር ገዛን። 148 ሲገባበት 220 ያወጣል፤ ተአምር! ከዚያ አንድ ማታ የጎረቤታችን ሴት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ‹‹ልጄ፣ የእናንተ ቤት እንዴት ደመቀ? የእኛ ጭራሽ ጠፋ እኮ›› አለችኝ። ያኔ ነው ኮሌጅ የተማርኩት ትዝ ያለኝ። ስታቢላይዘር ኃይል አይፈጥርም። ቮልቱን ከፍ ለማድረግ ከመስመሩ ብዙ ካረንት ይስባል፤ ብዙ ሲስብ ገመዱ ላይ የሚቀረው ይበዛል፤ ከእኔ ወዲያ ላለው ቤት የሚደርሰው ይቀንሳል። በግልጽ አማርኛ፣ የእኔን ቬንትሌተር የማዞረው የጎረቤቴን አቁሜ ነው። ሴትየዋ ስታቢላይዘር መግዣ የላትም፤ አራስ ልጅ ግን አላት።

ሁለተኛው መላ ፌዝ ማስቀየር ነው። ፖሉ ላይ ሦስት የእሳት ገመድ አለ። ‹‹ያንተ ፌዝ ደክሟል፤ ወደ ጠንካራው ላዛውርህ›› የሚል ልጅ መሰላል ተሸክሞ ይመጣል። ማን እንደላከው አይጠየቅም። 1,500 ብር ከፈልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ የከፈልኩት፤ በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ጉቦ ስንት ጊዜ የጻፍኩት እኔው! ሁለት ሳምንት በሰላም ተኛን። ወሬው ተሰማና ግራ ቀኙ ሁሉ ወደዚያው ፌዝ ተዛወረ። ጠንካራው ደከመ፤ የተተወው ደካማ ጠነከረ። ልጁ መሰላሉን ተሸክሞ ተመልሶ መጣ። ‹‹አሁን ደግሞ ያኛው ነው የሚሻለው›› አለኝ ሳያፍር።

ልብ በሉ! የአንድ ሠፈር ሰው እርስ በርሱ ቮልት እየተነጣጠቀ ያመሻል። አንዱ በስታቢላይዘር፣ አንዱ በመሰላል፣ አንዱ ጭር ሲል ከፖሉ ላይ በቀጠለው ገመድ። ደግሞስ ማን ነው በዚህ የሚያተርፈው? የስታቢላይዘር ነጋዴው፣ ባለ መሰላሉና ጠጋኙ። ከዚያ ሹሙ መጥቶ በስብሰባ ላይ ‹‹ችግሩ ኅብረተሰቡ በሕገወጥ መንገድ መቀጠሉ ነው›› ይለናል። ውሸት አይደለም፤ ቀጥለናል። ነገር ግን ለአዲስ ቆጣሪ አመልክቶ ስንት ጊዜ የተመላለሰ ሰው ነው የቀጠለው? እኛ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚኖረው። ስድስቱም ቆጣሪ ይፈልጋል፣ ስድስቱም ሊከፍል ዝግጁ ነው። ቆጣሪ የከለከልከውን ሰው ‹‹ለምን ቀጠልክ›› ማለት፣ በሩን ዘግተህበት ‹‹ለምን በመስኮት ገባህ›› ማለት ነው።

ሦስተኛው መላ የሁሉም ድሃ መላ ነው፤ ግቢ መተኛት። ውሃ ይረጫል፣ ፍራሽ ይዘረጋል፣ ልጆች ኮከብ እየቆጠሩ ይተኛሉ። ጥሩ ነገር ይመስላል፤ የአዲስ አበባ ሰው ሲያየው ‹‹ሽርሽር›› ይለዋል። ትንኟስ? ይህች ከተማ በ2006 ዓ.ም. በደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. በቺኩንጉንያ ታምሳለች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከባሕር ማዶ የመጣች የወባ ትንኝ ወረርሽኝ አስነስታባታለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ የምትራባው ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ቬንትሌተር ያለው ሰው አጎበሩን ዘርግቶ ቤቱ ይተኛል፤ ቬንትሌተሩ የቆመበት ሰው ልጆቹን አውጥቶ ለትንኝ ይሰጣል። የቮልቴጅ ማነስ የጤና ጉዳይ ነው ስል የሚስቅብኝ ካለ፣ በሐምሌ አንድ ሌሊት እኛ ግቢ ይምጣና ይተኛ።

‹‹ገንዘብ የለም›› የሚል መልስም ሰምቻለሁ። ግድቡን ከኪሳችን አውጥተን ለሠራን ሰዎች የሚነገር ነገር ነው? አንድ የሠፈር ትራንስፎርመርና ጥቂት ኪሎ ሜትር ወፍራም ገመድ ከግድብ ጎን ሲታይ ምንድን ነው? ምክንያቱ ሌላ ነው። ለግድብ ሪባን ይቆረጣል፣ ማርሽ ባንድ ይመጣል፣ የጎረቤት አገር መሪ ይጋበዛል። ለአንድ ሠፈር ትራንስፎርመር ሪባን የቆረጠ ሚኒስትር እስከዛሬ አላየሁም። ፎቶ የማይወጣበት ሥራ ሰሪ አጣ፤ ነገሩ ይሄው ነው።

የምንጠይቀው ጨረቃ አይደለም። በግንቦትና በሰኔ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በየትራንስፎርመሩ መስመር መጨረሻ ባለው ቤት ቮልቱ ይለካ፤ ማከፋፈያ ጣቢያው ላይ ሳይሆን መጨረሻው ቤት ላይ። የተለካውም ሰው በሚያነበው ቦታ፣ ፖሉ ላይ ይለጠፍ። ያኔ የትኛው ትራንስፎርመር መቀየር እንዳለበት ካድሬ ሳይሆን ቁጥሩ ይናገራል፤ መሰላል የተሸከመው ልጅም ሥራ ይፈታል። የሠፈር ትራንስፎርመር ለአንድ ቀን ተቀይሮ ሕዝቡ ለቅርንጫፉ እጅ እንዲነሳ የሚደረገውም ድራማ ይቅር። የነደደ ፍሪጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ‹‹ማስረጃ አምጣ›› የሚባለው ቀርቶ፣ በዚያ ምሽት ቮልቱ ስንት እንደነበር ለካዩ ይጠየቅ። ካልለካ ይክፈል።

ስታቢላይዘሩን ከዚያች ማታ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እነቅለዋለሁ። ደግነት አይደለም፤ የአራሷን ልጅ ለቅሶ መስማት አቅቶኝ ነው። የእናቴ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ መቀመጡን ትቷል። ነርሷ በነገረቻት መሠረት ትንሿን ማሰሮ ትልቁ ማሰሮ ውስጥ ከትታ፣ በመሃላቸው አሸዋ ሞልታ፣ አሸዋውን በውሃ እያራሰች፣ በላዩ እርጥብ ጨርቅ ትጥላለች። ፍሪጅ አይሆንም፤ ግን የተከፈተውን ጠርሙስ ከሙቀቱ ይከልልላታል። ትርፍ ጠርሙስ ገዝታ ማስቀመጥ ቀርቷል፤ አንዱ ሲያልቅ አንዱን ፍለጋ እንወጣለን፤ አንዳንዴ ይገኛል።

ይህን የምጽፈው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ነው። ቴስተሩ 151 ይላል። እናቴ ጨርቁን ልታረጥብ ተነስታለች።